«አጥብቀው!» ምላጭ አይይዝም

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን እስከ ኮተቤ ባሉት የእንጨት ሥራ ቤቶች፣ ስክሮል ሶ ላይ የተቀመጠ ልጅ ምላጭ ባመለጠው ቁጥር ከአለቃው የሚሰማው መልስ አንድ ነው፦ «አጥብቀው!» ልጁ ያጠብቃል፤ ምላጩ ደግሞ ያመልጣል። ቀጥሎ ፒንሳ ይመጣል። ከፒንሳው በኋላ ብሎኑ ጥርሱን ይበላል፣ መያዣው ይሰነጠቃል፣ «የቻይና ዕቃ እንዲህ ነው» ይባልና ማሽኑ ጥግ ይጣላል። እንዲህ ተጥለው አቧራ የለበሱ ደህና ማሽኖች ብዙ አይቻለሁ።

የባሰም አይቻለሁ። አንድ ሥራ ቤት ውስጥ በፒንሳ ሲጠብቅ የከረመ የታችኛው መያዣ ምላጩን በድንገት ለቀቀው። የላይኛው ክንድ ግን አልቆመም፤ የምላጩን ጫፍ እንደያዘ ወደ ታች መውጋቱን ቀጠለ፣ የልጁን አውራ ጣትም አገኘው። ልጁ 17 ዓመቱ ነበር። አለቃው ቁስሉን በጨርቅ እያሰረ «አላጠበቅከውም ነበር» ሲለው ሰምቻለሁ። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ያ ንግግር ነው።

ስክሮል ሶ ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። ቀጭን ምላጭ በሁለት ክንዶች መካከል ተወጥሮ ወደ ላይና ወደ ታች እየተመላለሰ ጌጥ የሚቆርጥበት ማሽን ነው፤ ብዙዎቹ በደቂቃ ከ400 እስከ 1600 ጊዜ ይመላለሳሉ። ምላጩን ከላይና ከታች የሚጨብጡት ሁለት ትናንሽ መያዣዎች ናቸው። እንጦጦ ላይ ለጎብኚ የሚሸጡትን የመሰሉ ጥልፍልፍ መስቀሎች በዚህ ማሽን ለሚያወጣ ሰው ደግሞ የመያዣው ነገር ቀላል አይደለም። በመስቀሉ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ክፍተት በትራፓኖ ይበሳል፣ ምላጩ ከላይ ይፈታል፣ በቀዳዳው ይሾልካል፣ እንደገና ይታሰራል። 40 ክፍተት ያለው መስቀል ማለት 40 ጊዜ መፍታትና 40 ጊዜ ማሰር ነው። አንድ ልጅ 10 እንዲህ ያሉ መስቀሎች ሲያወጣ ምላጩን የሚያጠብቀው የላይኛው መያዣ ብሎን 400 ጊዜ ተፈትቶ 400 ጊዜ ታስሯል።

«አጥብቀው» የሚሉት ሰዎች ከሜዳ ተነሥተው አይደለም። የላላ ምላጭ በእርግጥ ያመልጣል፤ የመጀመሪያው ማጥበቅ ተገቢ ነው። ብዙዎቹ ሙያውን የለመዱት በሴጌቶ ነው፤ የሴጌቶ ምላጭ ጫፉ ቀዳዳ አለው፣ በችንካር ላይ ይንጠለጠላል፣ ባጠበቁት መጠን ይወጠራል እንጂ አያመልጥም። የስክሮል ሶው ባለ ልሙጥ ጫፍ ምላጭ ግን የሚንጠለጠልበት ነገር የለውም። 5 ቁጥር የሚባለው ስፋቱ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ውፍረቱ 0.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። እንዲህ ያለውን ክር የመሰለ ብረት የሚይዘው ፍትጊያ ብቻ ነው።

ፍትጊያ ደግሞ በሁለት ነገር ይጠፋል። አንደኛው ዘይት ነው። አዲስ ምላጭ እንዳይዝግ ብዙ ጊዜ በስሱ ዘይት ተቀብቶ ይመጣል፤ ያ ዘይት ጫፉ ላይ እያለ የፈለጉትን ያህል ቢያጠብቁ ሳሙና እንደ መጨበጥ ነው። ጫፎቹን በአልኮል መጥረግ ወይም በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አንድ ሁለት ጊዜ ማሸት ይበቃል። ሁለተኛው የብሎኑ አፍ ነው። 400 ጊዜ የታሰረ ብሎን አፉ ይለሰልሳል፣ ይከብባል፣ እንደ እንጉዳይም ይገለበጣል። ያን ጊዜ ምላጩን የሚነካው በአንዲት ነጥብ ብቻ ስለሆነ ምላጩ በዚያች ነጥብ ላይ ይሽከረከራል፣ ይጣመማል፣ ይሾልካል። ፒንሳ በዚህ ላይ ሲጨመር አፉን ይበልጥ ያበላሸዋል። የጠበቀ መስሎን ያላላነው እኛው ነን።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ሶኬቱን ይንቀሉ። ብሎኑን አውጥተው ሞርሳ ላይ ይሰሩትና አፉን በሞረድ ጠፍጣፋ ያድርጉት፤ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ትንሽ ያሻክሩት። ከፊት ለፊቱ ያለውን ፊትም እንዲሁ። ምላጩን አስረው ከጠረጴዛው ጋር ቀጥ ማለቱን በትንሽ ስኳድራ ይመልከቱ። ከዚያ በኋላ የሚያስፈልገው የጣት ኃይል ብቻ ነው።

መያዣውን ራሱን መቀየር የሚያስፈልገው ጥርሱ ከተበላ፣ አካሉ ከተሰነጠቀ፣ ወይም ማሽኑ ባለ ችንካር ምላጭ ብቻ የሚቀበል ከሆነ ነው። የመጨረሻው ለእኛ ሥራ ትልቅ ለውጥ ነው፤ ባለ ችንካሩ ምላጭ ለመሹለክ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ቀዳዳ ይፈልጋል፣ ባለ ልሙጥ ጫፉ ግን በ1 ወይም በ2 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ያልፋል። የመስቀል ሐረግ የሚደምቀው በዚያ ልዩነት ነው። አዲሱን መያዣ ሲመርጡ ወይም ቶርኖ ቤት ሲያስወጡ ርቀቱን ይለኩ፦ የተለመደው ምላጭ 127 ሚሊ ሜትር ስለሆነ መያዣዎቹ ከቀድሞው ይበልጥ ከተራራቁ ምላጩ አይደርስም። ክብደቱንም አይርሱ። ክንዱ ላይ የተጨመረ ብረት በደቂቃ ከ1000 ጊዜ በላይ ሲመላለስ ጠረጴዛውን ያንቀጠቅጣል።

የቀሩትን አባባሎች በአጭሩ ላንሣ። «መያዣው ጠንካራ ከሆነ ምላጭ አይሰበርም» ይባላል፤ ምላጭ ብዙ ጊዜ የሚሰበረው ደንዝዞ እያለ እንጨቱን በኃይል ስለሚገፉበት ነው። «ብሎኑን ዘይት ቀባው» የሚለው ምክር ዘይቱን ምላጩ ዘንድ ያደርሰዋል፤ ፍትጊያ የሚፈለግበት ቦታ ዘይት አይቀባም። «ወፍራም ምላጭ ይበረክታል» ለቀጥታ ቆረጣ ያስኬድ ይሆናል፤ በሐረጉ ጠባብ ማዕዘን ላይ ግን ዋንዛውን ያቃጥለዋል። ዘመድ ከአሜሪካ የላከው ማሽን «ትራንስፎርመር ካለ ልክ እንደዚያው ይሠራል» የሚባለውም ግማሽ እውነት ነው። ትራንስፎርመር 220 ቮልቱን ወደ 120 ያወርዳል፣ የእኛን 50 ኸርዝ ግን 60 አያደርገውም። የካርቦን ብሩሽ ያለው ሞተር ብዙም ግድ የለውም፤ በሞገዱ ፍጥነት የሚዞረው ዓይነት ሞተር ግን ከስድስት እጅ አንድ እጅ ገደማ ፍጥነቱን ያጣል፣ ይሞቃልም።

የሥራ ቤት ባለቤቶች፣ ልመናዬ ለእናንተ ነው። ፒንሳውን ከስክሮል ሶው ጠረጴዛ አንሡት፤ በቦታው አንድ ትንሽ ሞረድ፣ ቁራጭ የብርጭቆ ወረቀትና የአልኮል ጠርሙስ አስቀምጡ። ልጁ ምላጭ አመለጠኝ ሲላችሁ ማሽኑን አጥፉና የብሎኑን አፍ አብራችሁት ተመልከቱ።