የወጣት ሯጭ ተሰጥኦ እንዴት ይመዘናል?

አንድ ወጣት ሯጭ ወደፊት የት ሊደርስ እንደሚችል መገመት ቀላል ሥራ አይደለም። ብዙ ሰው የእጅ ሰዓቱን ብቻ ተመልክቶ ፍርድ ይሰጣል። ሰዓት ግን ሩጫው የፈጀውን ጊዜ እንጂ የዚያን ጊዜ ምክንያት አይናገርም። ስለዚህ መዛኙ ከቁጥሩ በስተኋላ ያለውን ሁኔታ መመርመር ይገባዋል።

በመጀመሪያ ሩጫው የተካሄደበትን ቦታ አስቡ። አርባ ምንጭ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ በአባያና በጫሞ ሐይቆች አጠገብ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኝ ሞቃት ከተማ ናት። ከእርሷ በስተሰሜን የምትገኘው ጨንቻ ግን 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ያላት ደጋ ናት። አንድ የጨንቻ ተማሪ በአገሩ 3,000 ሜትር በ10 ደቂቃ፣ አንድ የአርባ ምንጭ ተማሪ ደግሞ በከተማው በ9 ደቂቃ ከ50 ሴኮንድ ሮጡ እንበል። ሁለተኛው ይበልጣል ለማለት ትቸኩላላችሁን? ከፍታው በጨመረ መጠን የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፤ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅንም ያንሳል። በአንጻሩ የቆላ ሙቀት ሯጩን ያደክማል። ስለሆነም ሁለቱ በአንድ ሜዳና በአንድ ቀን ካልተወዳደሩ ማን እንደሚበልጥ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም።

ለዚህም በ1961 ዓ.ም. የተካሄደው የሜክሲኮ ኦሊምፒክ ማስረጃ ይሆናል። የሜክሲኮ ከተማ ከፍታ 2,240 ሜትር ያህል ነው። በ10,000 ሜትር ኬንያዊው ናፍታሊ ቴሙ በ29 ደቂቃ ከ27 ሴኮንድ አንደኛ ሲወጣ፣ የእኛው ማሞ ወልዴ ከአንድ ሴኮንድ ባነሰ ልዩነት ተከተለው። የዚያን ጊዜው የዓለም ክብረ ወሰን ግን ከ28 ደቂቃ በታች ነበር። ሰዓቱን ብቻ ያየ ሰው ሁለቱን ደካሞች ባላቸው ነበር። ይሁን እንጂ ማሞ በዚያው ኦሊምፒክ በማራቶን የወርቅ ሜዳልያ ተሸለመ።

ሁለተኛው መመዘኛ ዕድሜና የሰውነት ዕድገት ነው። በአንድ ክፍል የሚማሩ እኩዮች እንኳ ሰውነታቸው እኩል አይጎለምስም። ቀድሞ የጎለመሰው ዛሬ ያሸንፋል፤ ሌሎቹ ሲደርሱበት ግን ብልጫው ሊጠፋ ይችላል። በአንጻሩ ዘግይቶ የሚያብብ አለ። አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. በሮም ማራቶን በባዶ እግሩ ሮጦ ሲያሸንፍ ዕድሜው 28 ዓመት ነበር።

ሦስተኛው የዕድገቱ አካሄድ ነው። አንድን ውድድር ሳይሆን የወራትን ውጤት በመዝገብ አስፍሩ። ሯጩ የመጨረሻውን ዙር እንዴት ይጨርሳል? ከሩጫ በኋላ ትንፋሹ ቶሎ ይመለሳልን? ሲሸነፍ በማግስቱ ወደ ልምምድ ይመጣልን? ሕመም ሲሰማውስ ይናገራል ወይስ ይደብቃል? ገና በማደግ ላይ ያለ አጥንት ከመጠን በላይ በሆነ ልምምድ ሊጎዳ ስለሚችል፣ የመጨረሻው ጥያቄ በቸልታ መታለፍ የለበትም።

ምዘና ትንበያ እንጂ የመጨረሻ ፍርድ አይደለም። «ይህ ልጅ አይረባም» የሚል የችኮላ ቃል ተስፋን ይቀጫል፤ «ይህ ልጅ ጀግና ነው» የሚለውም ያለጊዜው ከትምህርት ገበታ ሊያስነሳ ይችላል። አስተዋይ መዛኝ ሁለቱንም ከመናገሩ በፊት ይታገሣል፤ ሯጩም እግሩን ሲያሠለጥን ደብተሩን እንዳይጥል ይመክራል።