ጠባቡን መታጠቢያ ቤት በአነስተኛ ወጪ ስለ ማደስ

ቤት ለመግዛት ወይም ለመከራየት የሚመጣ ሰው ሳሎኑን አይቶ ካመሰገነ በኋላ መታጠቢያ ቤቱን ከፍቶ ይመለከታል። በዚያም ሽታና የረጠበ ግድግዳ ቢያገኝ የተጠየቀውን ዋጋ ዝቅ ለማድረግ በቂ ምክንያት ይሆነዋል። ስለዚህ መታጠቢያ ቤትን ማደስ የቤተ ሰብን ጤና ከመጠበቁም በላይ የቤቱን ዋጋ ከፍ ያደርጋል።

ይሁን እንጂ ብዙ ሰው ገንዘቡን በቅድሚያ ለሚያብረቀርቅ ሴራሚክ ያውላል። ወለሉና የውኃው መውረጃ ሳይስተካከል የተለጠፈ ሴራሚክ ግን ጉዳቱን ይሸፍነዋል እንጂ አያስወግደውም። ከሥሩ የሚሰርገው ውኃ በተለይ በጭቃ ቤት ላይ ግድግዳውን ያላላል፤ የምሰሶውንም እግር ያበሰብሳል። እንግዲህ ሥራው በሚከተለው ተራ ቢፈጸም ይሻላል።

አንደኛ፤ መጸዳጃውና የእጅ መታጠቢያው በነበሩበት ስፍራ ይቆዩ። ቧንቧ ለማዛወር ወለል መቆፈር ወጪውን ያበዛዋልና።

ሁለተኛ፤ ወለሉ በየ1 ሜትሩ ከ1 እስከ 2 ሳንቲሜትር ወደ መውረጃው እንዲያዘነብል ይደረግ። ለልስኑ 1 እጅ ሲሚንቶ ከ3 እጅ ንጹሕ አሸዋ ጋር ይደባለቅ፤ እንዳይሰነጠቅም ለ7 ቀን ያህል ጧትና ማታ ውኃ ይጠጣ። ሴራሚክ ከመለጠፉ አስቀድሞ 1 ባልዲ ውኃ አፍስሶ መፈተን ይገባል፤ ውኃው ያቆረበትን ስፍራ ግንበኛው ያርመው።

ሦስተኛ፤ በየመውረጃው ሲፎን ይግባ። ሲፎን ማለት በተጠማዘዘው ክፍሉ ውኃ ይዞ የጉድጓዱን ሽታ የሚከለክል ቧንቧ ነው። እስኮትላንዳዊው ሰዓት ሠሪ አሌክሳንደር ካሚንግ በ1775 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ያገኘበት መጸዳጃ በዚሁ ብልሃት የሚሠራ ነበር። ብዙ ቀን ሳይሠራበት የቆየ መውረጃ ውኃው ደርቆ ይሸታልና ጥቂት ውኃ ይፍሰስበት።

አራተኛ፤ እርጥብ አየር ታፍኖ ሻጋታ እንዳያበቅል ከጣራው አጠገብ ትንሽ መስኮት ይከፈት።

ሴራሚኩ ከዚህ ሁሉ በኋላ ይመጣል። እርሱም ወለሉንና ውኃ የሚረጭበትን ግድግዳ ብቻ ቢሸፍን ይበቃል፤ የቀረው ግድግዳ በሚገባ ከደረቀ በኋላ የዘይት ቀለም ይቀባ። በዚህ የተረፈው ገንዘብ ለጥሩ ሲፎንና ለታመነ ግንበኛ ቢውል አይባክንም።

ሥራው ሲያልቅም ከእጅ መታጠቢያው አጠገብ ሳሙና አይጥፋ። ያማረ መታጠቢያ ቤት ያለ ሳሙና ልጆችን ከተቅማጥ አያድንምና።