ካሜራ የሚታዘዛት ሴት

እ.ኤ.አ. በ1951፣ ለንደን አጠገብ በሚገኘው የፓይንውድ ስቱዲዮ፣ የ22 ዓመቷ ኦድሪ ሄፕበርን በልዕልት አልጋ ላይ ተጋድማ የተሰጣትን ትዕይንት ተጫውታ ጨረሰች። «በቃ» ተባለ፤ ካሜራው ግን እንዳይቆም አስቀድሞ በምስጢር ታዝዞ ነበር። ወጣቷ ይህን ሳታውቅ ቀና ብላ ተቀመጠች፣ ጉልበቶቿን በእጆቿ አቀፈች፣ እንዴት እንደሆነላት ጠየቀች፣ ሳቀች። ሮም ላይ ለሚቀርጸው አዲስ ፊልም ልዕልት ሲፈልግ የቆየው ዊልያም ዋይለር የፈለጋትን ያገኘው በእነዚያ ትወና ባልነበረባቸው ጥቂት ቅጽበቶች ውስጥ ነው።

ፊልሙ «ሮማን ሆሊዴይ» ነበር። አብሯት የተወነው ግሪጎሪ ፔክ የዘመኑ ታላቅ ኮከብ ሆኖ ሳለ፣ የዚህች እምብዛም የማትታወቅ ልጅ ስም ከእሱ ስም ጋር ከርዕሱ በላይ እንዲጻፍ ራሱ ጠየቀላት፤ አልተሳሳተምም። በማርች 1954 ኦስካርን ወሰደች፤ ቀናት ሳያልፉ ደግሞ «ኦንዲን» በተባለው የብሮድዌይ ተውኔት የቶኒ ሽልማት ተጨመረላት። ሙላትና ድምቀት የውበት መለኪያ በነበረበት ሆሊውድ፣ ቀጭኗና አንገተ ብርሌዋ ኦድሪ ጀርባዋን ቀጥ አድርጋ ስትራመድ ሌላ ዓይነት ውበት ይዛ ገባች።

ይህን ውበት ልብስ ያለበሰው ሰው ፓሪስ ውስጥ ይጠብቃት ነበር። በ1953 የ26 ዓመቱ ዲዛይነር ዩቤር ዴ ዢቫንሺ «ሄፕበርን ልትጎበኝህ ነው» ቢባል የመጣለት ስም የዝነኛዋ የካትሪን ሄፕበርን ነበር፤ በሩን ከፍታ የገባችው ግን ሱሪ የለበሰች፣ የገለባ ባርኔጣ የደፋች፣ ፈጽሞ የማያውቃት ልጅ ሆነች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቷ የዘለቀው ወዳጅነት ከ«ሳብሪና» አንሥቶ ፊልሞቿን አለበሰ፤ የ1961ዱ የ«ብሬክፋስት አት ቲፋኒስ» ጥቁር ቀሚስም እስከ ዛሬ ድረስ በይበልጥ ከሚታወሱት የሲኒማ አልባሳት አንዱ ነው።

እኔ ግን ጥበቧን ለማየት ለሚሻ ሰው የምመክረው ቀሚሱ የሌለበትን ፊልም ነው። «ዘ ነንስ ስቶሪ» በ1959 ሲወጣ ኦድሪ መነኩሲት ሆና ቀረበች፤ ከፊሉም በቤልጂግ ኮንጎ ተቀረጸ። ፀጉሯ ተሸፍኗል፣ ወገቧ አይታይም፣ የቀራት ፊቷና እጆቿ ብቻ ናቸው። በእነዚህ ብቻ የአንዲትን ሴት ሙሉ የውስጥ ትግል ታሳያለች፤ ዓይኗን ዝቅ ስታደርግ እንኳ ተመልካቹ ምን እንደወሰነች ያውቃል።

ያ ቁጥብነት በሆሊውድ የተማረችው አልነበረም። በ1929 ብራስልስ ውስጥ ከሆላንዳዊት ባሮነስ ተወለደች፤ አባቷ ገና ልጅ ሳለች ቤቱን ጥሎ ሄደ። ጦርነቱ ሲጀመር እናቷ ሆላንድ ገለልተኛ ሆና ትተርፋለች ብላ ከእንግሊዝ ወደ አርንሄም ወሰደቻት፤ በግንቦት 1940 የናዚ ጦር እዚያው ደረሰባቸው። አጎቷ በ1942 ተረሸነ። እሷ የባሌት ዳንስ ትማር ነበርና፣ መስኮቶቹ በተጋረዱባቸው ቤቶች በምስጢር በሚዘጋጁ «ጥቁር ምሽቶች» ትደንስ ጀመር፤ ድምፅ እንዳይሰማ ተመልካቹ አያጨበጭብም፣ የሚሰበሰበው ገንዘብ ግን ወራሪውን ለሚታገሉ ይደርሳል። ቀጥሎ ከ20,000 በላይ ሰዎች ያለቁበት የ1944 የረሃብ ክረምት መጣ፤ ሰዉ የቱሊፕ አበባ ሥር እየቀቀለ በላ። ነፃነት በመጣ ጊዜ ኦድሪ ደም ያነሳት፣ እግሮቿ ያበጡ የ15 ዓመት ልጅ ነበረች፤ ያነሣትም በእርዳታ የመጣ ምግብ ነው። በኋላ ለንደን ውስጥ መምህርቷ ማሪ ራምበርት ቁመቷና በረሃብ ያለፈው ዕድሜዋ ታላቅ የባሌት ዳንሰኛ እንዳትሆን እንደሚያግዳት ነገረቻት።

እንግዲህ ከዝና በኋላ ወደ በጎ አድራጎት ዞረች የሚለው የተለመደ አተራረክ ለእሷ አይሠራም። መድረክ ላይ ስትወጣ ገና ከጅምሩ ለሌላ ሰው ነበር።

ማርች 1988 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር 1980 ዓ.ም.። የዩኒሴፍ የበጎ ፈቃድ አምባሳደር የሆነችው ኦድሪ የመጀመሪያ ተልእኮዋ ወደ ኢትዮጵያ ሆነ። የሰባ ሰባቱ ድርቅ ቁስል ሳይሽር ዝናብ ዳግም የጠፋበት፣ ሰሜኑም በጦርነት የሚታመስበት ጊዜ ነበር። መቀሌ ውስጥ 500 ያህል ሕፃናት የተጠለሉበትን ማሳደጊያ ጎበኘች፤ ዩኒሴፍም ምግብ እንዲልክላቸው አደረገች። የውጭ አገር ዝነኛ ሰውና የተራበ የአገራችን ሕፃን አንድ ላይ የሚታዩበት ፎቶግራፍ ለኢትዮጵያዊ ዓይን የሚጎረብጥ ነገር አለው፤ እኔንም ይጎረብጠኛል። በጉዞው አብሯት የነበረው የተባበሩት መንግሥታት ፎቶግራፍ አንሺ ጆን አይዛክ ያነሣቸውን ሥዕሎች ሳይ ግን ጉርብጥታው ይለዝባል። ቀለል ያለ ሱሪና ሸሚዝ ለብሳለች፣ ፊቷ ላይ የጌጥ ቅባት የለም ቢባል ያስኬዳል፤ ካሜራ ወዴት እንደሚያይ ዕድሜዋን ሙሉ ያወቀች ሴት ያንን ዕውቀት ተጠቅማ ዓይናችንን ወደ ሕፃኑ ትመራዋለች።

ከባዱ ሥራ የተጀመረው ከመቀሌ ከተመለሰች በኋላ ነው። ስለ ኢትዮጵያ ለመናገር በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ከተሞች በቀን እስከ 15 ቃለ መጠይቅ ሰጠች፤ ለዚህ ሁሉ ደመወዟ በዓመት አንድ ዶላር ነበር። ለአንድ ገጸ ባሕርይ እንደምትዘጋጀው ሁሉ ስለምትሄድበት አገር አጥንታ ትነሣ ነበርና፣ በአሜሪካ ኮንግረስ ፊት ቀርባ ስትናገርም በእንባ ብቻ የቆመች እንግዳ አልነበረችም። ቱርክ፣ ኢኳዶር፣ ሱዳን፣ ባንግላዴሽ፣ ቬትናም ተከታተሉ።

ጥበቡና አገልግሎቱ ከሁሉ ይበልጥ የተዋሐዱት ግን በ1990 በአሜሪካ የኮንሰርት አዳራሾች ይመስለኛል። አን ፍራንክ ከእሷ ጋር በአንድ ዓመት የተወለደች፣ በዚያው በሆላንድ ከናዚዎች ተሸሽጋ ማስታወሻ የጻፈች ልጅ ናት፤ የሕይወቷ ታሪክ በ1959 ፊልም ሲሆን ኦድሪ እንድትጫወታት ተጠይቃ አልቻለችም። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ማይክል ቲልሰን ቶማስ በደረሰው ሙዚቃ ታጅባ፣ ለዩኒሴፍ ገቢ ማሰባሰቢያ፣ የዚያችን ልጅ ማስታወሻ በራሷ ድምፅ አነበበች። አልተወነችውም፤ ማንበብ ብቻ በቂ መሆኑን የሚያውቅ ተዋናይ ብዙ አይደለም።

በሴፕቴምበር 1992 ሶማሊያ ገባች፤ ያየችው ካየችው ሁሉ የከፋ ነበር። ስትመለስ ሕመም ይዟት ነበር፤ ካንሰር ሆነ። ዢቫንሺ አበባ የሞላበት የግል አውሮፕላን አዘጋጅቶ ከሎስ አንጀለስ ወደ ስዊዘርላንድ ቤቷ አደረሳት፤ በጃንዋሪ 20 ቀን 1993 በ63 ዓመቷ ቶሎሸናዝ በምትባለው መንደር ዐረፈች። ለበጎ ሥራ የሚሰጠውን የዣን ሄርሾልት ኦስካር ልጇ ሾን ተቀበለላት፤ ኤሚና ግራሚም ከሞቷ በኋላ ተከታትለው መጡ።

ዢቫንሺ ደግሞ ለ«ብሬክፋስት አት ቲፋኒስ» ከሠራቸው ጥቁር ቀሚሶች አንዱን ለፈረንሳዊው ደራሲ ለዶሚኒክ ላፒየር በስጦታ ሰጠ። ቀሚሱ በ2006 ለንደን ውስጥ በክሪስቲስ ለጨረታ ሲቀርብ ቢበዛ 70,000 ፓውንድ ያወጣል ተብሎ ነበር፤ የተሸጠው በ467,200 ፓውንድ ነው። ገንዘቡ በሕንድ ላፒየር ይረዳቸው ለነበሩ ድሆች ልጆች ትምህርት ቤት መሥሪያ ሆነ።