ኮርቲሶል፦ የነጭ የደም ሴሎች ልጓም

ከሁለቱ ኩላሊቶች በላይ የተቀመጡት አድሬናል እጢዎች ኮርቲሶል የተባለውን ስቴሮይድ ሆርሞን ከኮሌስትሮል ይሠራሉ። መጠኑ ማለዳ ከፍ፣ እኩለ ሌሊት አካባቢ ዝቅ ይላል፤ ስንታመም ወይም ስንቆስል ደግሞ ይጨምራል።

ስቴሮይድ በስብ ስለሚሟሟ የሴሉን ሽፋን በቀላሉ ያልፋል። ውስጥ ካለው ተቀባይ ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ወደ ኒውክሊየስ ይገባና ብግነት የሚያስነሡ ኬሚካሎች እንዳይመረቱ ያደርጋል። የመከላከያ ሥርዓታችን ከልክ አልፎ የገዛ አካላችንን እንዳይጎዳ የሚይዘው ልጓም ይህ ነው።

ውጤቱ በደም ምርመራ ላይ ይታያል። ኮርቲሶል ሲጨምር ከነጭ የደም ሴሎች መካከል ሊምፎሳይትና ኢዮሲኖፊል ያንሳሉ፤ ኒውትሮፊል ግን ይበዛል። በደም ሥር ግድግዳ ላይ ተጠግተው የነበሩት ኒውትሮፊሎች ለቀው ከሚፈሰው ደም ጋር ይቀላቀላሉ፤ ከመቅኒም ሌሎች ይወጣሉ። ቁጥራቸው ቢበዛም ወደ ታመመው ቦታ የሚሻገሩት ይቀንሳሉ። ስለዚህ እንደ ኮርቲሶል የሚሠራውን ፕሬድኒሶሎን የተባለ መድኃኒት በሚወስድ ሰው ላይ የነጭ የደም ሴል መብዛት ብቻውን ኢንፌክሽንን አያረጋግጥም፤ ትኩሳት አለመኖሩም ከኢንፌክሽን ነፃ ነው አያሰኝም።

እ.ኤ.አ. በ1948 በአሜሪካው ማዮ ክሊኒክ በመገጣጠሚያ ብግነት የምትሠቃይ ሴት የኮርቲሶል ዘመድ የሆነውን ኮርቲሶን ተወግታ በቀናት ውስጥ መራመድ ቻለች። በአድሬናል እጢ ሆርሞኖች ላይ ባደረጉት ምርምር ፊሊፕ ሄንች፣ ኤድዋርድ ኬንዳልና ታዴየስ ራይክስታይን በ1950 የኖቤል ሽልማት አገኙ። በ2020 ደግሞ በብሪታንያ የተካሄደው ሪከቨሪ የተባለ ጥናት፣ ዴክሳሜታሶን የተባለው ኮርቲሶል መሰል መድኃኒት በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ የነበሩ የኮቪድ ሕሙማንን ሞት በሲሶ ያህል መቀነሱን አሳየ። ኦክስጅን ያላስፈለጋቸውን ግን አልጠቀመም፤ ገና ከቫይረሱ ጋር የሚታገለውን መከላከያ መግታት ትርፍ አልነበረውምና።

በእነዚህ መድኃኒቶች አጠቃቀም መጠንቀቅ ለአገራችን በእጅጉ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ በሰውነት ውስጥ ያደፈጠ ቲቢ ሊቀሰቀስ፣ ስትሮንጂሎይደስ የተባለው የአንጀት ትልም በመላ አካል ሊሠራጭ ይችላል። ለሳምንታት የተወሰደን መድኃኒት በድንገት ማቋረጥም አደገኛ ነው፦ ሥራ የፈቱት አድሬናል እጢዎች ወዲያው ስለማያገግሙ የደም ግፊት እስከ ሞት በሚያደርስ ደረጃ ሊወርድ ይችላል። መጀመሩም፣ መጠኑን ቀስ በቀስ ቀንሶ ማቆሙም በሐኪም ክትትል ይሁን።