የሞተር ብስክሌት የካም ሰንሰለት እንዴት ይለወጣል?



በወላይታ ሶዶ ለሚያገለግል የመንግሥት ሠራተኛ ሞተር ብስክሌት የሥራ መሣሪያ እንጂ የቅንጦት ዕቃ አይደለም። የጤናና የግብርና ባለሙያዎች ወደ ሁምቦ፣ ወደ ቦዲቲና ወደ አረካ፣ እንዲሁም በዳሞታ ተራራ ዙሪያ ወዳሉት ቀበሌዎች የሚደርሱት ብዙውን ጊዜ በእርሱ ነው። ሞተሩ ሲቆም ሥራውም አብሮ ይቆማልና፣ ስለ ካም ሰንሰለት ጥቂት ማወቅ ይጠቅማል።

ይህ ሰንሰለት የኋላውን ጎማ ከሚያዞረው የተለየ ነው። በሞተሩ ውስጥ በዘይት እየራሰ የሚሠራ ሲሆን፣ መካኒኮች ታይሚንግ ቼይን ይሉታል። ተግባሩም ከታች ያለውን ክራንክ ሻፍት፣ በቴስታታው ውስጥ ሆኖ ቫልቮችን ከሚከፍተው ካም ሻፍት ጋር ማገናኘት ነው። ክራንክ ሻፍቱ 2 ጊዜ ሲዞር ካም ሻፍቱ 1 ጊዜ ብቻ መዞር አለበት። ስለዚህ የላይኛው መንኰራኵር 30 ጥርስ ቢኖረው የታችኛው 15 ይኖረዋል። እንግዲህ ሰንሰለቱ 1 ጥርስ ብቻ ስቶ ቢገባ፣ የቫልቮቹ ጊዜ በክራንክ ሻፍቱ ሲለካ 24 ዲግሪ ይዛነፋል፤ ሞተሩም ጉልበት ያጣል። ስሕተቱ ከዚያ ከበለጠ ፒስተኑ ከተከፈተው ቫልቭ ጋር ሊጋጭና ቫልቩን ሊያጣምመው ይችላል።

ሥራውን ከመጀመርዎ በፊት ሞተርዎ ይህ ሰንሰለት ያለው መሆኑን ያረጋግጡ። ባጃጅ ቦክሰር አለው፤ በሆንዳ ሲ.ጂ. 125 አሠራር የተሠሩት ግን ቫልቮቹን በዘንግ ስለሚገፉ የላቸውም።

አንደኛ፤ ሞተሩ ፈጽሞ ይቀዝቅዝ፣ ከአቧራም ይጽዳ። ዘይቱን ያፍስሱ፤ ሞተሩ በእጅ በቀላሉ እንዲዞር ካንዴላውን ያውጡ።

ሁለተኛ፤ የጎንና የላይ ክዳኖቹን ከፍተው ክራንክ ሻፍቱን በመፍቻ፣ ሞተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ ቀስ ብለው ያዙሩት። ቮላኖ በሚባለው ከባድ መንኰራኵር ላይ ያለው «ቲ» የሚለው የላቲን ፊደል ምልክት ከሞተሩ ምልክት ጋር ሲገጥም ያቁሙ። በዚህ ጊዜ ሁለቱም ቫልቮች ተዘግተው፣ የሚገፏቸው ክንዶች ጥቂት ሊነቃነቁ ይገባል። ካልተነቃነቁ አንድ ሙሉ ዙር ይጨምሩ።

ሦስተኛ፤ አስቀድመው የሰንሰለቱን መወጠሪያ ይፍቱ፤ ከዚያ የካም ሻፍቱን መንኰራኵር ያውጡ። ብሎን ወደ ውስጥ እንዳይወድቅ ቀዳዳውን በንጹሕ ጨርቅ ይድፈኑ። ቮላኖው መነሣት ካለበት ለእርሱ በተሠራው መሳቢያ እንጂ በመዶሻ አይነቀልም። ሰንሰለቱ በፍሪሲዮን በኩል የሆነ እንደ ሆነ ግን ሥራው ስለሚሰፋ ለመካኒክ መስጠት ይሻላል።

አራተኛ፤ አዲሱን ሰንሰለት ከማስገባትዎ በፊት የመንኰራኵሮቹን ጥርሶች፣ መምሪያውንና መወጠሪያውን ይመርምሩ፤ ያረጀ ጥርስ አዲሱን ሰንሰለት ቶሎ ይበላዋልና። ሰንሰለቱን ከታች አስገብተው የ«ቲ» ምልክቱን በቦታው ይመልሱ፤ የካም ሻፍቱንም መንኰራኵር ምልክት የሞተሩ መጽሐፍ በሚያሳየው መስመር ላይ ያድርጉ። ልል የሆነው ወገን ወደ መወጠሪያው በኩል ይሁን።

አምስተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። መወጠሪያው ከተገጠመ በኋላ፣ ማስነሻውን ከመንካትዎ በፊት ክራንክ ሻፍቱን በእጅ 2 ሙሉ ዙር ያዙሩ። ከላይና ከታች ያሉት ምልክቶች እንደገና ሊገጥሙ ይገባል። አንዱ ከሳተ ሰንሰለቱን አውጥተው እንደ ገና ያስገቡ። መንገድ ላይ ጠጣር ነገር ከያዘው አያስገድዱት፤ ቫልቭና ፒስተን ተገናኝተው ሊሆን ይችላል። በእጅ ሲዞር የተገኘ ስሕተት ጥቂት ደቂቃ ብቻ ያስከፍላል፤ በማስነሻ የተገኘ ግን ቫልቭና ፒስተን ያስለውጣል።

በመጨረሻም የቫልቮቹን ክፍተት ለክተው፣ ብሎኖቹን መጽሐፉ በሚያዝዘው ልክ አጥብቀው፣ አዲስ ዘይት ይጨምሩ። ሰንሰለቱ የሚርሰው በዚሁ ዘይት ስለ ሆነ፣ ዘይትን በጊዜው መለወጥ የሰንሰለቱን ዕድሜ ያረዝማል።

«የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» ይላሉ አባቶቻችን። ሰኞ ማለዳ ወደ ቀበሌ ለመሄድ የሚያስብ ሁሉ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እነዚያን 2 ዙሮች በትዕግሥት ያዙር።