የጤና ኬላ ዋጋ የሚለካው ከምረቃው ማግሥት ነው

በመንግሥት የበጀት አሠራር የጤና ኬላ መገንቢያ ገንዘብ በካፒታል በጀት፣ በኬላው የምትሠራው ባለሙያ ደመወዝ፣ የመድኃኒቱና የጥገናው ወጪ ደግሞ በመደበኛ በጀት ሥር ይመዘገባሉ። ካፒታል በጀት ለዓመታት የሚያገለግል ሀብት ለማፍራት የሚውል ገንዘብ ሲሆን፣ መደበኛ በጀት የዕለት ተዕለት ሥራን ለማስኬድ በየዓመቱ የሚመደብ ነው። ይህ ክፍፍል ለሒሳብ አያያዝ ቢመችም በጤናው ዘርፍ አንድ ትልቅ እውነታ ይሸፍናል፤ የዘርፉ ዋነኛ ሀብት የሠለጠነ ሰው ሆኖ ሳለ፣ መዝገቡ ሕንፃውን ኢንቨስትመንት፣ ባለሙያዋን ግን ወጪ አድርጎ ያሳያል። በዚህም ሳቢያ ገንዘብ ሲያጥር ግንባታው እየቀጠለ ሥልጠናው፣ ጥገናው እና የመድኃኒት ግዢው ቀድመው ይቀነሳሉ።

ተቋምና ባለሙያ አብረው መታቀድ እንዳለባቸው የሚያሳይ የአገር ውስጥ ልምድ አለ። እ.ኤ.አ. በ1953 በጎንደር አቅራቢያ በምትገኘው ደምቢያ የተነሳው የወባ ወረርሽኝ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ከፈጀ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተቋቋመ። ኮሌጁ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችን እና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን ያሠለጠነ ሲሆን፣ ተማሪዎቹ ወደፊት አብረው እንደሚሠሩት ሁሉ በጤና ጣቢያ በቡድን ሆነው እንዲለማመዱ ያደርግ ነበር። ስለዚህም ጤና ጣቢያው አገልግሎት መስጫም የባለሙያ ማፍሪያም ሆኖ፣ አንዱ ወጪ ሁለት ፍሬ አስገኝቷል።

እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምም ይህንኑ መርህ በሰፊው ሥራ ላይ አውሏል። በአብዛኛው አሥረኛ ክፍል ካጠናቀቁ የአካባቢው ወጣት ሴቶች መካከል ተመርጠው ለአንድ ዓመት የሠለጠኑት ባለሙያዎች፣ ከ3,000 እስከ 5,000 ነዋሪዎችን በሚያገለግል የጤና ኬላ ሁለት ሁለት ሆነው ተመደቡ፤ ደመወዛቸውንም መንግሥት ከፈለ። ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ሞት እ.ኤ.አ. በ2000 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 166 የነበረ ሲሆን፣ በ2016ቱ ጥናት ወደ 67 ወርዷል። ለዚህ ውጤት ክትባት፣ የምግብ አቅርቦት መሻሻል እና የውጭ ድጋፍ ድርሻ ቢኖራቸውም፣ ክትባቱንና ምክሩን እስከ ቤተሰብ ደጃፍ ያደረሱት እነዚህ ሠራተኞች ናቸው።

የመደበኛ በጀት ጉድለት የሚያስከትለው ኪሳራ በክትባት ማቀዝቀዣ ላይ በግልጽ ይታያል። አብዛኞቹ የሕፃናት ክትባቶች ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ አለባቸው። የማቀዝቀዣው መለዋወጫ ካልተገዛ ወይም የሚጠግነው ሰው ካልተገኘ፣ በውጭ ምንዛሪ የተገዛው ክትባት ይበላሻል፤ ባለሙያዋ እጇን አጣጥፋ ትቀመጣለች፤ ልጇን አዝላ ረጅም መንገድ የተጓዘች እናትም ሳታስከትብ ትመለሳለች። በጥገና ላይ የተቆጠበው ጥቂት ብር በሕንፃው፣ በሥልጠናው እና በክትባቱ ላይ የወጣውን ገንዘብ ሁሉ ከንቱ ያስቀራል። ባለሙያዋ በደመወዝ ማነስና በደረጃ ዕድገት መጓደል ሥራዋን ስትለቅም ኪሳራው ከዚህ ይከፋል፤ በየቤቱ እየዞረች ያካበተችው የአካባቢ ዕውቀትና ያተረፈችው አመኔታ አብረዋት ይሄዳሉ፤ ተተኪዋም ሥራውን ከዜሮ ትጀምራለች።

የጤና ኬላ አገልግሎት መዳከም ምን ያህል እንደሚያስከፍል የወባ ዳግም ማገርሸት ያመለክታል። እ.ኤ.አ. በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል። ግጭት፣ የአየር ንብረት ለውጥ እና የትንኞች ፀረ ተባይ መድኃኒትን መቋቋም ለዚህ አስተዋጽኦ ቢያደርጉም፣ በወረርሽኙ መጀመሪያ ሕሙማንን መርምሮ የሚያክም ኬላ በሌለበት ሥፍራ ጉዳቱ እንደሚበረታ ግልጽ ነው። ወባ በመኸር ሰብል መሰብሰቢያ ወራት የሚበረታ በመሆኑም፣ አልጋ ላይ የዋለው ገበሬ የሚያጣው የሥራ ቀን በቀጥታ ከአገሪቱ ምርት ላይ የሚቀነስ ነው።

እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ማገዱ፣ የባለሙያ ደመወዝና የመድኃኒት አቅርቦት በለጋሾች ፈቃድ ላይ ሲመሠረት ምን ዓይነት አደጋ እንደሚያስከትል በመላው አፍሪካ አሳይቷል። የአፍሪካ መሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 በአቡጃ ከየአገራቸው ዓመታዊ በጀት ቢያንስ 15 በመቶውን ለጤና ለመመደብ የገቡት ቃል ዛሬ ከምንጊዜውም በላይ አስፈላጊ ነው። በኢትዮጵያም ማንኛውም የጤና ተቋም ግንባታ ከመጽደቁ በፊት የቀጣዮቹ ዓመታት የደመወዝ፣ የመድኃኒት፣ የጥገና እና የሥራ ላይ ሥልጠና ወጪ አብሮ ተሰልቶ ምንጩ መታወቅ ይኖርበታል። ወጪውን መሸፈን የማይችል ወረዳ አዲስ ኬላ ከሚጨምር ያሉትን በሰውና በመድኃኒት ቢያሟላ ለነዋሪው የበለጠ ይጠቅማል፤ የወረዳ ምክር ቤቶችም በሚያጸድቁት እያንዳንዱ የግንባታ ዕቅድ ላይ ይህን ስሌት መጠየቅ አለባቸው።