የ40 ደቂቃዋ ሐዋሳ

ሐዋሳ ከአዲስ አበባ ምን ያህል ትርቃለች? ለዚህ ጥያቄ ሦስት መልስ አለ፤ ሦስቱም እውነት ናቸው። በመኪና መንገድ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሰማይ ቀጥታ ሲለካ ወደ 210 ኪሎ ሜትር ይወርዳል። በአውሮፕላን የሚሄድ ሰው ደግሞ ኪሎ ሜትሩን ትቶ «40 ደቂቃ ናት» ይላችኋል።

ሂሳብ ለሚወድ ሰው ይቺ 40 ደቂቃ ራሷ ታነጋግራለች። በአገር ውስጥ መስመር የምናውቀው ባለ ፕሮፔለር ኪው 400 አውሮፕላን በሰዓት 600 ኪሎ ሜትር መብረር ይችላል። በዚህ ፍጥነት ሐዋሳ የ20 ደቂቃ መንገድ ነበረች። ቀሪው ጊዜ የት ገባ? የበረራ ሰዓት የሚቆጠረው አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተንቀሳቀሰ ጀምሮ ነው። ቦሌ ላይ እስከ መንደርደሪያው ያዘግማል፣ ተራ ይጠብቃል፣ ከፍታ ይይዛል፤ ገና ሽቅብ ወጥቶ ሳይጠግብ ቁልቁል መውረድ ይጀምራል።

ደግሞስ ማን ኤርፖርት ውስጥ ይኖራል? አቶቴ ሰፈር ያለች አክስቴ ወገቧን ታማ አዲስ አበባ የሐኪም ቀጠሮ ነበራት። ልጆቿ «በመኪና ትሂድ»፣ «የለም በአውሮፕላን» ተባባሉ። እኔ ወረቀት ይዤ ደመርኩ። ኤርፖርቱ ከሐይቁ ማዶ ከከተማው ወጣ ብሎ ስለሆነ እስከዚያ ግማሽ ሰዓት፣ ፍተሻና ጥበቃ አንድ ሰዓት ተኩል፣ በረራው 40 ደቂቃ፣ ቦሌ ወርዶ በአዲስ አበባ የመኪና ጭንቅንቅ ሐኪሙ ቤት እስኪደረስ አንድ ሰዓት ከምናምን። በድምሩ አራት ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረው። በመኪና አምስት ሰዓት ግድም ነው።

«ለአንድ ሰዓት ብለን ነው ይሄን ሁሉ ብር የምናወጣው?» አልኩ።

አክስቴ ሳቀች። «አንተ ሰዓቱን ትቆጥራለህ ልጄ፤ እኔ የምቆጥረው ጉድጓዱን ነው።»

በአውሮፕላን ሄደች።

ርቀት ማለት ይሄው ነው፤ የሚለካው በተጓዡ ነው። ጃፓኖች ይህን ቀድመው የተረዱት ይመስላል። ቶኪዮና ኦሳካ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይራራቃሉ፤ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ከሩብ አይፈጅም። እ.ኤ.አ. በ1964 ሥራ የጀመረው ፈጣን ባቡር ዛሬ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳል። ያም ሆኖ ብዙው ሰው ባቡሩን ይመርጣል። ባቡሩ ከከተማ ተነስቶ ከተማ ያወርዳላ!

እኛ እንዲህ ያለ ባቡር የለንም፤ ተስፋችን መንገዱ ነው። አዲስ አበባን ከአዳማ የሚያገናኘው የፍጥነት መንገድ እስከ ሞጆ ያለውን ጉዞ አቅልሎታል። ከሞጆ ሐዋሳ የተወጠነው መንገድም እስከ ባቱ ድረስ መኪና ይሄድበታል። ከዚያ ወዲህ ግን አርሲ ነገሌን፣ ሻሸመኔን አልፎ ሐዋሳ እስኪገባ ጋሪው፣ ባጃጁ፣ ከብቱና የገበያው ሰው ሁሉ አንድ አስፋልት ይጋራል። ሰዓቱን የሚበላውም ይሄ ነው።

አክስቴ የሚያዋጡላት ልጆች አሏት። የቀጠሮ ወረቀት ይዞ ሌሊት 11 ሰዓት መናኸሪያ የሚቆም፣ ለትኬት የሚያዋጣለት የሌለው ታማሚ ግን ብዙ ነው። ለእሱ ሐዋሳ የ40 ደቂቃ ከተማ ሆና አታውቅም። መንገዱ እስኪያልቅ፣ ወይም የሚፈልገው ሐኪም እዚሁ ሐዋሳ እስኪገኝለት ድረስ፣ 275 ኪሎ ሜትሩን በወገቡ ይቆጥረዋል።